ለግራ እግር የተበየደ ጫማ

አብዱልሃሚድ ሳይንጠለጠልበት ከብየዳ ቤቱ የወጣ በር የለም። የግቢ በር ሠርቶ ሲጨርስ በምሰሶ ላይ ያቆመውና፣ ሁለት እጁን ከላይ ሰቅሎ ያን የዘጠና ኪሎ ገላውን ይለቅበታል። ደረጃ ከሆነ ይዘልበታል፤ የመስኮት ፍርግርግ ከሆነ በእርግጫ ይለዋል። በመናኸሪያ በኩል የሚያልፍ ባለባጃጅ ሁሉ ቀስ ብሎ ያየዋል። ሚስቱ ኡሙልኸይር «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን በሩ ይዞህ ይወድቃል» ስትለው፣ «እኔ ላይ ይውደቅ እንጂ ሰው ላይ አይውደቅ» ይላታል።

ከወራቤ ወደ ሀዋሳ የመጣው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አሁን ሃምሳ አራት ሞልቶታል። ብየዳ ያስተማረው አጎቱ ሲሞት ቤቱም ጠባዩም ለእሱ ቀረ። እስካለፈው ጥር ድረስ ታዲያ የሠራው ሁሉ ተተክሎ የሚቆም ነገር ነበር። በር የት ይሄዳል?

በጥር ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ስፒድዌይ ሻምፒዮና አንዱን ዙር ሀዋሳ ላይ ሊያካሂድ ነው ተባለ፤ በቱላ መውጫ የአፈር መም ተደለደለ። አብዱልሃሚድ ወሬውን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው። ሐሙስ ከሰዓት ግን ታቢታ መጣች። የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ለእንግዶቹ አስተርጓሚ ሆና ተቀጥራለች። ከኋላዋ ቁመቱ ጉበን የሚነካ ወጣት ፈረንጅ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ችግር ይዘንብዎት መጣን» አለች። «ይሄ ልጅ ተወዳዳሪ ነው። ሻንጣው መንገድ ላይ ጠፋበት፤ ጫማው እዚያ ውስጥ ነበር።»

«ልጄ፣ እኔ በያጅ ነኝ እንጂ ጫማ ሰፊ ነኝ?»

«ጫማውም የብረት ነው።»

ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ አሳየችው። አራት ሞተሮች እየተጋፉ ኩርባ ውስጥ ይገባሉ፤ ወደ ግራ ይጋደማሉ፤ ጋላቢዎቹ የግራ እግራቸውን ዘርግተው መሬቱን እየፋቁ ይዞራሉ። እግሩ ከቦት ጫማው ሥር ብረት ተጫምቷል።

«ታዲያ ፍሬኑን ለምን አይዙም?»

«ፍሬን የላቸውም ጋሼ። ገና ሲሠሩም የላቸውም።»

«ሱብሃነላህ!» አለ አብዱልሃሚድ፤ ስልኩን ከእጇ ወስዶ እንደገና አየው። «ብረቱ መሃል ላይ ቢሰበርስ?»

ታቢታ ተረጎመች። ወጣቱ የሱሪውን ግራ እግር ሰብስቦ ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የወረደ ጠባሳ አሳየው። ከሌሎቹ እንዳይዋስ እግሩ አርባ ሰባት ቁጥር ነው። ውድድሩ ቅዳሜ ነው፤ ያለ ብረቱ አይገባም። አብዱልሃሚድ ጎንበስ ብሎ ጠባሳውን አየው። እምቢ ሊል አስቦ ነበር፤ ምላሱ ግን «አምጣ ቦት ጫማህን» አለ።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልነካም። ላሜራ ቆርጦ በመዶሻ እያጎበጠ በቦት ጫማው ልክ አወጣው። ከሥሩ ደግሞ ከአሮጌ አይሱዙ ሥር የወጣ ባሌስትራ፣ ጠንካራውን የሞላ ብረት፣ በየደበት፤ አፈር ቶሎ እንዳይበላው ነው። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ስለነበር፣ የጋለውን ብረት ውሃ ውስጥ ነከረው። ቸስ ብሎ ቀዘቀዘ። የሚያምር ጫማ ሆነ።

ዓርብ በጠዋት ጎረቤቱን ሱልጣንን ጠራው። ሱልጣን በሞተር ዕቃ የሚያመላልስ ጎልማሳ ነው፤ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ።

«ጋሼ፣ ይህን ተጫምተው ከኋላዬ ሊቀመጡ ነው? ምን በደልኩዎት?»

«ሳልሞክረው ሰው እግር ላይ አላስርም። ንዳ!»

ሙከራው ከቱላ ወዲህ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ሆነ። አብዱልሃሚድ የጫማውን ክፍተት በጨርቅ ጠቅጥቆ፣ በጠፍር አስሮ፣ ቢስሚላህ ብሎ እግሩን መሬት ላይ ለቀቀ። ሱልጣን ዞረ። ብረቱ ተንሸራተተ። ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ አብዱልሃሚድ ደስ ብሎት «ጨምር!» አለ። በአራተኛው ባሌስትራው ጧ ብሎ ተገነጠለ፤ እግሩ አፈሩ ላይ ተሰካ፤ ዘጠና ኪሎው ተሽቀንጥሮ ወረደ።

ሱልጣን ሞተሩን ጥሎ ሮጦ ሲደርስ ሰውየው ተንጋሏል፤ ክርኑ ተልጧል።

«ስብራት አለ? ጋሼ፣ ስብራት አለ?»

«በአርባ እንኳ አልነዳህም» አለ አብዱልሃሚድ። «ያ ልጅ ከመቶ በላይ ነው የሚነዳው።» ዓይኑ ዕንባ አቅርሯል፤ ሱልጣን ከሥቃይ መስሎት ውሃ ሊያመጣ ተነሣ። አብዱልሃሚድ ግን የተሰበረውን ስፍራ እያየ ጥፋቱን አውቆት ነበር። ባሌስትራ ግሎ በውሃ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል፤ ይህን አጎቱ በኩርኩም ነበር ያስተማረው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ በራሱ ያፈረበት ቀን የለም።

እንደገና ጀመረ። ባሌስትራውን አግሎ፣ እንደጋለ በየደውና፣ በትኩስ አመድ ቀብሮት ጁምዓ ሊሰግድ ሄደ። ሲመለስም አልነካውም። አሥር ሰዓት ላይ ከአመዱ አውጥቶ፣ እምቢ እያለ የመጣውን ሱልጣንን ይዞ፣ ያንኑ ሜዳ ሃያ ጊዜ ዞረው። ያዘ። ሱልጣን ራሱ ብረቱን ነካ ነካ አድርጎ «ማሻአላህ» አለ።

ቅዳሜ የውድድሩ ሜዳ ጢም ብሎ ሞልቷል። ታቢታ አብዱልሃሚድን በመጀመሪያው ኩርባ አጥር ሥር አቆመችው። ወጣቱ ሞተሩ ላይ ሆኖ ወደ መነሻው ሲሄድ እግሩን ዝቅ ብሎ አየ፤ ብረቱን መሬት ላይ ሁለቴ መታ፤ አሁንም አየ። አላመነኝም አለ አብዱልሃሚድ በልቡ፤ እውነቱን ነው።

መነሻው ላይ የተወጠረው ክር ወደ ላይ ሲስፈነጠር ሆዱ ውስጥ ድረስ የገባ ጩኸት ሰማ። ስልክ ላይ ያየው ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል! አራቱ ሞተሮች መሬቱን እያንቀጠቀጡ መጡ፤ ይቆማሉ ሲባሉ ይብሱን ጨመሩ፤ ፍጥነቱን የሚገታላቸው መጋደም ብቻ ነው። ጎማዎቹ አፈሩን እንደ ማዕበል አንስተው አጥሩ ላይ ረጩት። ፊቱ፣ ጢሙ፣ ኮፍያው አፈር ሆነ፤ አልጠረገውም። ሰው ፍሬን በሌለው ነገር ላይ ነፍሱን አስቀምጦ እንዲህ ረጋ ብሎ ይዞራል እንዴ? አብዱልሃሚድ ፈራም፣ ተደነቀም፤ ሁለቱን ለይቶ አላወቃቸውም።

ዓይኑ ከዚያ የግራ እግር አልተነቀለም። በሦስተኛው ግጥሚያ ከፊት ያለው ጋላቢ ድንገት ወደቀ። ወጣቱ ሞተሩን መሬት ሊነካ እስኪደርስ አጋደመው፤ ክብደቱን ሁሉ፣ የሞተሩንም ጭምር፣ በብረቱ ላይ ጣለው። አብዱልሃሚድ አጥሩን ጨምድዶ «ያ ረብ፣ ያዝልኝ!» አለ። ብረቱ አፈሩን ሰንጥቆ ጮኸ፤ ወጣቱ ከወደቀው ሰው ራስ በክንድ ርቀት አለፈ። የወደቀውም ተነሥቶ አፈሩን አራገፈ። ሕዝቡ ጮኸ። አብዱልሃሚድ አጥሩን የለቀቀው ሞተሮቹ ካለፉ በኋላ ነው።

ወጣቱ አምስት ጊዜ ገባ፤ አምስት ጊዜ በሁለት እግሩ ወጣ። አላሸነፈም፤ የሁሉም ነጥብ ሲደመር ስድስተኛ ሆነ። ሲያበቃ ፊቱ በአፈር ተለውሶ ወደ አጥሩ መጣ፤ ብረቱን ፈትቶ ሰጠው። ገና ይፋጃል። የብረቱ አፍንጫ እንደ ሳሙና አልቋል፤ ብየዳው ግን የትም አልተነካም።

ወጣቱ ረጅም ነገር ተናገረ። ታቢታ ሰምታ ፈገግ አለች።

«ጋሼ፣ እግሬን ያሰብኩት በመጀመሪያው ኩርባ ብቻ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ረሳሁት ነው የሚለው።»

«ረሳሁት?»

«ያ ሰው ሲወድቅበት እንኳ አላስታወሰውም።»

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ አብዱልሃሚድ፤ ስትደግምለት የጋለውን ብረት ደረቱ ላይ እንደያዘ አለቀሰ።