የፎሶሊያው ጠርሙስ

አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ያ ድምፅ ይመጣብኛል፤ የሞቀ ጠርሙስ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ ወደ ውስጥ እየሰረጎደ የሚያሰማው አጭርና ደረቅ «ጠቅ»። ልጅ ሳለሁ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ እናቴ ይህን ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን አስቀምጣ ፈገግ ትል ነበር፤ ክዳኑ ጠቅ ካለ አየር አይገባም፣ አየር ካልገባ አይበላሽም ብላ ታምን ነበርና።

ኦቨኑን ያመጣው አባቴ ነው። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ትዳር የያዘ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ባልደረባው ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ትቶለት የሄደውን አሮጌ የኤሌክትሪክ ኦቨን በጋሪ አስጭኖ ሲያስገባ፣ እናቴ ዳቦ ልትጋግርበት መስሎን ነበር። እሷ ግን ከጎረቤታችን፣ ከአንዲት ጡረተኛ መምህርት ሌላ ነገር ተምራ መጣች። የማንጎ ወቅት ደርሶ ፍሬው በየዛፉ ሥር እየወደቀ ዝንብ ሲወረው፣ እሷ ልጣና ቆራርጣ፣ ከስኳር ውሃ ጋር በማርማላታ ጠርሙሶች ትሞላውና፣ ውሃ በያዘ መጋገሪያ ላይ ደርድራ ኦቨን ውስጥ ታስገባው ነበር። በየጠርሙሱ ውስጥ ትንንሽ አረፋ መውጣት ሲጀምር ኦቨኑን ታጠፋዋለች፤ እዚያው ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ክረምት ገብቶ ከገበያው ማንጎ ሲጠፋም የእኛ ቤት መደርደሪያ ቢጫ እንደሆነ ይቆይ ነበር።

በሎሚ ያሸገችው ቲማቲምም ተሳካላት። በዚያ ዓመት በጋ፣ ከአባያ ሐይቅ ዳር ማሳዎች ፎሶሊያ በገፍ ሲመጣ፣ ለዐቢይ ጾም ይሆነናል ብላ በጨው ውሃ ሞልታ እንደ ማንጎው አሸገችው። መምህርቷ ስለ ፎሶሊያ የነገሯት ነገር አልነበረም፤ ግን ክዳኖቹ ሁሉም ጠቅ ብለው ነበር።

ጾሙ ከገባ በኋላ አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከተራራው መንደር ከኦቾሎ ወረዱ። ሸማኔ ነበሩ፤ የሠሩትን ጋቢ ለገበያ ይዘው ሲመጡ እኛ ጋ ያርፉ ነበር። አማርኛን የለመዱት ካረጁ በኋላ ስለነበር፣ ሴቷን ልጅ እኔን «ና፣ ብላ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር። እናቴ አባቷን ልታስደስት ፈልጋ አንዱን የፎሶሊያ ጠርሙስ ከፈተችና፣ ሳታሞቀው በሎሚና በቃሪያ አጣፍጣ ከዳቦ ጋር አቀረበችላቸው። የጾሙ ሰዓት ስላልደረሰ እሷ አልቀመሰችም።

«ይሄ አሁን የተቀጠፈ ይመስላል» አሉ።

«እኔ ነኝ ያሸግሁት አባባ፤ ይብሉ» አለች፣ ፊቷ እየበራ።

የተረፈውን ለራት ወጥ ውስጥ ጨምራ፣ በደንብ አንተክትካ ለሁላችን አቀረበችው። አያቴ ደክሞኛል ብለው ሳይበሉ ተኙ።

በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ቆመው ትክ ብለው አዩኝና፣ «ለምን ሁለት ሆንክ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። የዓይናቸው ቆብ ወደ ታች ወርዷል፤ እናቴ ሻይ ስትሰጣቸው መዋጥ አቅቷቸው በአገጫቸው ላይ ፈሰሰ። አባቴ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል ወሰድናቸው።

የመረመራቸው ሐኪም ምን እንደበሉ ጠየቀ።

«ፎሶሊያ» አለች እናቴ። «ከጠርሙስ፤ እኔ ያሸግሁት።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «ከዚያው ጠርሙስ ሌላ ሰው በልቷል?»

«ሁላችንም» አለች። ድምፅዋ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም።

ሐኪሙ አየር በሌለበት የሚያድግ ተህዋስ መኖሩን፣ መርዙ ሽታም ጣዕምም እንደሌለው፣ ኦቨኑ ውስጥ ያለው ሙቀትም ተህዋሱን እንደማይገድለው ነገረን። የእኛ ወጥ በደንብ ተንተክትኮ ከሆነ መርዙ ኃይሉን ያጣል፤ ቢሆንም መጠበቅ ነበረብን። ከአያቴ ክፍል ውጪ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። እናቴ አንዴ እኔን አንዴ ታናሽ እህቴን አገጫችንን ቀና እያደረገች ዓይናችንን ታየናለች፤ ጣቷን ዘርግታ «ስንት ነው?» ትለናለች። እህቴ ጨዋታ መስሏት ሆን ብላ ስትሳሳት እናቴ ጮኸች፤ አባቴ ተነስቶ እጇን ያዘ። እኔም መዋጥ እንዳላቃተኝ ለማረጋገጥ ምራቄን ደጋግሜ እውጣለሁ።

እኛን ምንም አልነካንም። አያቴ ግን ባሰባቸው፤ ድምፃቸው ጠፋ፣ ደረታቸው ለመነሳት ይታገል ጀመር። እናቴ አጠገባቸው ሆና ትንፋሻቸውን ስታዳምጥ ከረመች። ቤት ስትመጣ የቀሩትን የፎሶሊያ ጠርሙሶች አንድ በአንድ ቀቅላ፣ አባቴ ጓሮ በቆፈረው ጉድጓድ ቀበረቻቸው። ማንጎውንም ልትጨምር ነበር፤ ሐኪሙ ማንጎ ውስጡ አሲድ ስላለው ተህዋሱ አያድግበትም ስላለ፣ አባቴ ጠርሙሶቹን ከእጇ ተቀብሎ ወደ መደርደሪያው መለሳቸው።

ሰሙነ ሕማማት ላይ አያቴ ውሃ መዋጥ ቻሉ። ከፋሲካ በኋላ ከስተው፣ በግድግዳ እየተደገፉ እኛ ቤት ገቡ። እናቴ የምታቀርብላቸውን ሁሉ እሳት ላይ ታቆየው ስለነበር፣ አጥሚቱ እንኳ ያርር ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንጎው ወዳለበት መደርደሪያ አመልክተው እናቴን በጋሞኛ ጠየቋት።

«ከዚያ ስጪኝ።»

«አይሆንም አባባ። ሙዝ ላምጣልዎት።»

«አንቺ የሠራሽውን ነው ያልኩት።»

እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። አባቴ ጠርሙሱን አውርዶ ከፈተው፤ አያቴ ማንኪያ ጠየቁ፤ የመጀመሪያውን ቁራጭ ቀስ ብለው አኝከው ዋጡና «ጣፋጭ ነው» አሉ። እናቴ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ፀሐይ እስክትገባ ድረስ ዓይን ዓይናቸውን ታይ ነበር። ስታለቅስ ያየኋት ያን ዕለት፣ እሳቸው «ደህና እደሪ» ብለው ለመኝታ ሲነሱ ነው፤ ሆስፒታል እያሉ አንዴም አላለቀሰችም ነበር።

አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው፣ ያረፉት በእርጅና ነው። እኔ ዛሬም አርባ ምንጭ ነኝ፤ ቤቴ ትልቅ ፍሪጅ አለ፣ ፎሶሊያም ዓመቱን ሙሉ ከገበያ አይጠፋም፤ የሚያሽግ ሰውም በሰፈሩ የለም። ልጆቼ ያቀረብኩላቸውን ከየት መጣ ሳይሉ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ ይበላሉ። እኛም ከዚያ ጠርሙስ በፊት እንደዚያ ነበርን። ልዩነቱ፣ ያኔ እናቴ እኛ ስንበላ አብራን እየበላች ትጫወት ነበር፤ እኔ ግን ልጆቼ የመጀመሪያውን ጉርሻ እስኪውጡ ድረስ የራሴን አላነሳም።