የአገዳ መዘዛው እስኪያልቅ

ጋሽ ጌንግ ሾውዪ ሊሞቱ የተነሱት ማንም ለማንም ጊዜ በሌለው ሰሞን ነው። በላንሊንግ መንደሮች ግንቦት ሲገባ ከነጭ ሽንኩርቱ መሐል አረንጓዴ አገዳ ብቅ ይላል። ጫፉ ላይ እምቡጥ ይዞ ቀጥ ብሎ ይቆምና አንገቱን መስበር ሲጀምር መመዘዝ አለበት። ጥቂት ቀን ካለፈው እንደ ገመድ ይጠነክራል፤ ከሥሩ ያለው ሽንኩርትም ሳያድግ ይቀራል። ስለዚህ ያን ሰሞን ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ሰቅሎ ማሳ ይወርዳል፤ የተጣላ እንኳ ለመታረቅ መዘዛው እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ጋሽ ጌንግ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። የተወለዱት በመዘዛ ሰሞን፣ እዚያው ማሳ ዳር ነው። አባታቸው “ወንድ ነው ሴት?” ብለው የጠየቁት የመጨረሻው አገዳ ከተመዘዘ በኋላ ነው ይባላል። እኒሁ አባት ሲሞቱም የመዘዛ ሰሞን ሆነ። ቀባሪ ጠፋ። የመጡት ጥቂት ጎረቤቶች ሬሳውን በሩጫ ወስደው፣ በሩጫ አፈር አልብሰው ወደየማሳቸው ተበተኑ። መለከት ነፊው ዜማውን ግማሽ ላይ አቋርጦ ሄደ። ያኔ ጎልማሳ የነበሩት ጌንግ መቃብሩ አጠገብ ብቻቸውን ቀሩ። የእኔስ እንዲህ አይሆንም ብለው ለራሳቸው ማሉ።

አሁን ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው እህል አልወርድ ብሏቸው ተኙ። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠና ሚስታቸውን እትዬ ሉዋንን በጓሮ በኩል ጠርቶ፣ “ሦስት አራት ቀን ቢቆዩ ነው” አላቸው። ከዚያ ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ በረረ፤ እሱም ማሳ አለው።

ወሬውን የሰማው የመንደሩ ሊቀመንበር ሚያው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ። አልጋው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

“ጋሽ ጌንግ፣ እንዴት ነዎት?”

“እየሄድኩ ነው።”

“እሱንማ ሰማን።” ሚያው ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። “ምን መሰለዎት፣ ሰዉ ሁሉ ይወድዎታል። ከቀብርዎ መቅረት የሚፈልግ የለም። ግን ደግሞ አገዳው አንገቱን ሰብሯል።”

“አይቼዋለሁ፤ በመስኮት።”

“እንግዲህ ትንሽ ቢታገሱልን ብለን ነው።”

እትዬ ሉዋን ከምድጃው ዞር አሉ። “አንተ ሚያው፣ ይሄን ለመጠየቅ ነው ጭቃህን ይዘህ የገባኸው?”

“መጠየቅ ነው እንጂ እትዬ፣ እምቢ ካሉ አናስገድድም።”

ለጋሽ ጌንግ በሩጫ የሄደው የአባታቸው ሬሳ ታያቸው። “ሁሉም ይመጣል?” አሉ።

“አንድ ሰው አይቀርም። በእኔ ይሁንብዎ።”

“እሺ፤ እጠብቃለሁ።”

ማታውን የአገዳ ማቀዝቀዣ መጋዘን ያለው ፋን ብቅ አለ። ሰውየው ደግ ነው፤ ጣጣው፣ ችግርን ሁሉ በማቀዝቀዣ ይፈታል። “ጋሼ፣ ምናልባት መጠበቁ ካቃተዎት አይጨነቁ” አለ። “አንድ ክፍል ባዶ አለኝ። አገዳ እንኳ ስምንት ወር ሳይጠወልግ ይቆይበታል።”

“ከአገዳው ጋር ልታስተኛኝ ነው?”

“ለብቻዎ ነው እንጂ።”

“ሽታው ልብሴ ላይ ይቀራል” አሉ ጋሽ ጌንግ። ፋን አገዳው ላይ ስለሚቀረው ሽታ ትንሽ አሰበና ነገሩን ተወው።

በነጋታው የመንደሩ ድምፅ ማጉያ ጮኸ፦ “ጋሽ ጌንግ ሾውዪ መዘዛው እስኪያልቅ ለመቆየት ተስማምተዋል። ውለታቸውን እያሰባችሁ ፍጠኑ።” ሰዉም ይሉኝታ ያዘውና ከሁሉ በፊት የእሳቸውን ማሳ መዘዘ። በደጃፋቸው የሚያልፍ ሁሉ ለጋ ለጋውን አገዳ እየመረጠ በሩ ላይ ጣል ያደርግ ጀመር። እትዬ ሉዋን ከአሳማ ሥጋ ጋር ጠበሱት፤ ከእንቁላል ጋር ጠበሱት፤ የተረፈውን በአኩሪ አተር መረቅ ጠርሙስ ውስጥ ዘፈዘፉት። ጋሽ ጌንግ መጀመሪያ ፊታቸውን አዞሩ። ኋላ ግን ቃል ሰጥቻለሁ፣ ሳልበላ እንዴት እቆያለሁ ብለው አንድ ጉርሻ ዋጡ። በማግስቱ ግማሽ ሳህን፣ በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ባዶ አደረጉት።

ከዚያ ዝናብ ጣለ። ሚያው እንደገና መጣ፤ አሁንስ ዓይናቸውን ማየት አፍሯል።

“ሁለት ቀን ይጨምሩልን፤ እርጥብ አገዳ ሲመዘዝ ይበጠሳል።”

“እናንተ የምታዩት ዝናባችሁን ነው” አሉ ጋሽ ጌንግ እያኘኩ። “እኔን ደግሞ ወዲያ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ።”

“በእኛ ስም ይቅርታ ይጠይቁልን።”

መዘዛው አለቀ። በማግስቱ መንደሩ በሙሉ ታጥቦ፣ የኀዘን ነጭ ጨርቅ ራሱ ላይ አስሮ ግቢውን ሞላው። የሁሉም ጣት ገና አረንጓዴ ነው። መለከት ነፊዎቹ በር ላይ ተደረደሩ፣ ለቀብር የሚበላው የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉው፣ በትልቅ ድስት ተጣደ። ጋሽ ጌንግ አዲሱን ልብሳቸውን ለብሰው ተጋደሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰዉ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ። ቆየ። አንድ ሕፃን አስነጠሰው። ጋሽ ጌንግ ትንሽ ተገላበጡ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አስተካከሉ፣ እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

“የሚሆን አልመሰለኝም” አሉ።

ከእፍረታቸው ብዛት ፊታቸው ቀላ፤ ይህ ሁሉ ሰው ሥራ ፈትቶ።

“ቃል ቃል ነው” አለ ፋን ከኋላ፣ ቀስ ብሎ።

“እንግዲህ መቼ ይመቻችኋል?” ሲሉ ጠየቁ ጋሽ ጌንግ። በዚህ ጊዜ ጭቅጭቅ ተነሳ። አንዱ ሽንኩርት ቁፋሮው ይለፍ አለ፤ ሌላው ከዚያ ስንዴ አጨዳ አለ፤ ከስንዴው በኋላ በቆሎ ይዘራል፤ በመጸው ሽንኩርቱ ራሱ ይተከላል። ክረምት ይሁን ሲባል ደግሞ ውርጭ ላይ ቆሞ መቅበር ለአሮጊቶቹ ከባድ ነው ተባለ።

“ቶፉው ይቃጠላል” አሉ እትዬ ሉዋን። “ለመብላትም ቀን ቁረጡ ልትሉ ነው?”

ተቀመጡና በሉ። ጋሽ ጌንግ ከአልጋቸው ወርደው አረቄውን ራሳቸው ቀዱ። ሦስት ሴቶች፣ ሙሾ አዘጋጅተን ነበር፣ ሊቀርብን ነው ብለው አዘኑ። “ለምን ይቀርባችኋል?” አሏቸው እሳቸው። ሴቶቹ ተነስተው አወረዱት፦ ቀጥ ያለ መስመር ስለሚተክለው እጅ፣ አንድ አገዳ ሳይበጥስ ስለሚመዘው ጣት፣ ለጎረቤት ሲል ሞቱን ስላቆየው ደግ ሰው። ጋሽ ጌንግ ጠርሙሱን እንደያዙ ከሁሉም በላይ አለቀሱ። መለከቱም ዜማውን እስከ መጨረሻው ነፋ።

አራት ዓመት ኖሩ። የሞቱት በክረምት፣ ወደየከተማው የሄደው ሁሉ ለአገሩ አዲስ ዓመት በተመለሰበት ሳምንት ነው። አንድ ሰው አልቀረም፤ ውርጭም አልነበረም። የመንደሩ ሰው ከቀብር ሲመለስ ግን ያኛው ቀብር ይሻል ነበር ተባባለ፤ በዚያኛው ቢያንስ አረቄውን የሚቀዳው የቀብሩ ባለቤት ራሱ ነበር። እትዬ ሉዋንም ይህን ሰምተው አልተቆጡም።