ልጅሽን በይው

አባቴ ካኮረፉ አኮረፉ ነው። ሞጣ ተመድቤ የማስተምርበትን ሥራ ትቼ፣ ቢቸና ወላጆቼ ቤት ኮምፒውተር ልጠግን የመጣሁ ቀን፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉና አፋቸውን ዘጉ። ዕድሜያቸውን በርዕሰ መምህርነት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ጠመኔ ጥሎ መፍቻ ሲይዝ ምን ይበሉ? ከዚያ ወዲያ መልእክታችንን የምታመላልሰው እናቴ ሆነች። አጠገባቸው ቆሜ እያለሁ «ልጅሽን በሩን ዝጋ በይው» ይላሉ። እሷም ዞር ብላ «በሩን ዝጋ ተባልክ» ትለኛለች። ክረምቱ እንዲህ አለፈ።

እኔ ግን ደስታ ሊገድለኝ ነበር! ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ነፍስ ዘርቻለሁ። አንዱን እኔ ክፍል፣ ሌላውን ሳሎን አስቀመጥኩ። አባቴ የእድር ጸሐፊ ነበሩና «ለእድሩ ጽሑፍ ይሁናቸው በያቸው» አልኳት እናቴን። ፕሪንተሩ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ክፍል። የጭቃውን ግድግዳ በስቼ ገመድ አሳለፍኩና ሁለቱን አገናኘኋቸው። ከዚያ ሳሎን ተቀምጬ አንድ ገጽ እንዲታተም አዘዝኩ። እናቴ ከእኔ ክፍል «ኧረ ይኼ ነገር ለብቻው ተነሳ!» ብላ ጮኸች። ሮጬ ስገባ ወረቀቱ ወጥቷል! እንደ ሕፃን ዘለልኩ፤ እናቴም ነገሩ ሳይገባት እልልታዋን አቀለጠችው። አባቴ ገመዱን በዓይናቸው እስከ ግድግዳው ተከተሉት።

ይህም አልበቃኝ፣ የእሳቸው ኮምፒውተር ምን እየሠራ እንደሆነ ከእኔ ክፍል የሚያሳየኝ ፕሮግራም ጫንኩ። ማሽኑ ያረጀ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ይቆማል። «ልጅሽን ደርቋል በይው» ሲሉ፣ እዚያው ተቀምጬ ያነቀውን ፕሮግራም እዘጋላቸዋለሁ። ጉዱን ያየሁትም ያኔ ነው። የእድሩን ቃለ ጉባኤ ከፍተው፣ ከሥሩ ካርታ ይጫወታሉ! በስመ አብ! ካርታ የያዘ ተማሪ ካገኙ ወላጅ የሚያስጠሩት ሰውዬ! ለእናቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ገበያ ወጣች። ስክሪኔን ስመለከት ከሳሎን የተላከ ጽሑፍ ለመታተም ተራ ይዟል፤ ስሙ «ማስታወቂያ» ይላል። የእድር ነው ብዬ ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ሆነ። ከዚያ አምስት። ያው ጽሑፍ! አልወጣ ሲላቸው እየደጋገሙ ያዛሉ ማለት ነው። ምን ነካው ብዬ ዞር ስል፣ እናቴ ከመውጣቷ በፊት ፕሪንተሩን ዳንቴል አልብሳዋለች። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ቴፑ ለብሷል፣ እሱ ምን በወጣው ራቁቱን ይቀመጥ! የዳንቴሉ ጫፍ በወረቀቱ መግቢያ ገብቶ ተሰንቅሯል። መንጭቄ አወጣሁት።

የመጀመሪያው ገጽ ወጣ። በትልልቅ ፊደል፣ «ኮምፒውተር እንጠግናለን። እዚህ ግቢ ይጠይቁ» ይላል።

ወረቀቱን እንደያዝኩ ኮቴያቸውን ሰማሁ። መልእክት የሚያደርስ ሰው ቤት የለም፤ ራሳቸው መጥተው በሬ ላይ ቆሙ።

«አንተ፣ እስካሁን አልወጣም እንዴ?» አሉ ግድግዳውን እያዩ።

አንተ አሉኝ! ከስንት ጊዜ በኋላ!

«ወጥቷል፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሂድና ለጥፈዋ!»

የቀሩትን ከወረፋው መሰረዝ እችል ነበር። አልሰረዝኩም። ወረቀት እየጨመርኩ ሁሉንም አሳተምኩ፤ እሳቸው አጠገቤ ቆመው አንድ በአንድ ተቀበሉኝ።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ አጥሩ ላይ አገኘችን፤ እኔ እለጥፋለሁ፣ አባቴ «ወደ ቀኝ፣ ኧረ ወደ ቀኝ አንተ!» እያሉ ይጮሁብኛል። ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየችን። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«በሉ እንግዲህ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ» አለች።