«እርጉዝ አታስደንግጡ!»

አክስቴ ክፉ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው በር ላይ ያስቆሙ ነበር። «እርጉዝ አታስደንግጡ!» ይላሉ። እኔ አርግዤ ደም ግፊቴ ሲጨምር ከየካ አባዶ ሰሚት ቤታችን ድረስ መጥተው መጀመሪያ የጮሁት ባለቤቴ ላይ ነው። «ምን ብለሃት ነው?»

ለምርመራ አብረውን ሲሄዱ ሐኪሟ አስረዳቻቸው። «እማማ፣ ከንዴት አይደለም። ወደ እንግዴ ልጁ ደም የሚያደርሱት ሥሮች እንደሚገባው አልሰፉም። እንግዴ ልጁ ደም ሲያንሰው የሚለቃቸው ነገሮች የእሷ የደም ሥሮች እንዲጠቡ ያደርጋሉ፤ ግፊቱ ይጨምራል።»

«ገባኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው፣ «ቢሆንም እንዳታስደነግጣት!»

ሆስፒታል ስተኛ ግን አልመጡም። «ስልካቸው ተበላሽቷል» አለኝ ባለቤቴ። እህቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ዓይኔን አታይም። «አክስቴስ?» ስል ሁሉም «ግፊትሽ እንዴት ነው?» ይለኛል። ልቤ ይመታል፤ ማሽኑ ይጮኻል፤ እነሱ ነርስ ሊጠሩ ይሮጣሉ።

ነገሩን የነገሩኝ ወልጄ ግፊቴ ከወረደ በኋላ ነው። አክስቴ የተቀበሩት እኔ በተኛሁ ሰሞን ነበር። የደበቁኝም በራሳቸው በአክስቴ ደንብ ነው።

በነገሩኝ ቀን ክፉው ወሬ አልጋዬ ድረስ ገባ። በር ላይ የሚያስቆመው ሰው አልነበረም።