ከማርሹ ጀርባ ያሉት ሁለት እጀታዎች

ክፍሉ ለአራት ሰው የተሠራ ነው፤ እኛ አሥራ ሰባት ነበርን። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ከሽንት ባልዲው አጠገብ በቀር ቦታ ስላልነበረ እዚያው ተቀመጥኩ። ጫማዬን፣ ቀበቶዬንና መነጽሬን ወስደውብኛል። እጄ ግን አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ደጋግሜ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ የማለቅስ መስሎት ፊቱን አዞረልኝ።

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ስኖር ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። አሮጌ መኪና እሰበስባለሁ። ሦስት አሉኝ፤ የምሳሳላት ግን ለትንሿ ፊያት፣ ለሰይቼንቶዋ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ በሷ ዓይነት ታክሲ እየሠራ ነው ያሳደገኝ። ሞያሌ ላይ ዶሮ ሰፍሮባት አገኘኋት፤ ስድስት ዓመት ለፍቼ አስነሳኋት። ባለቤቴ “ጣውንቴ” ትላታለች። እሁድ ጠዋት ሦስቱንም በየተራ ሳላስነሳና ድምፃቸውን ሳላዳምጥ ቁርስ አልበላም።

በአጥር የምንዋሰናቸው ኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቻችን ልጃቸው ሰልፍ ላይ ፖሊስ ተኩሶበት ሞተ። ገና ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ነበር። “ጋሼ፣ እሁድ እሁድ በሰይቼንቶዋ ድምፅ ነው የምነቃው” ይለኝ ነበር እየሳቀ። የቀብሩ ዕለት እኅቱ መጥታ ፎቶውን በሰይቼንቶዋ እንድወስድላት ለመነችኝ። እምቢ ለማለት አንጀቴ አልቻለም።

ከቀብር ስንመለስ ፖሊስ መንገድ ዘግቶ መኪና ያስቆማል። ፎቶው የኋላው መስታወት ላይ ነው። ልጅቷ ከጎኔ ጎንበስ ብላ፣ “ጋሼ፣ ፎኔን ከወንበሩ ስር ከትቼዋለሁ። ሲተኩሱበት የሚያሳይ ቪዲዮ አለበት። ፕሊስ፣ እንዳያገኙት” አለችኝ።

“አይዞሽ” አልኳት።

ፎቶውን እንዳዩ እሷን ቀድመው አውርደው በጭነት መኪና ወሰዷት። የኔን እጅ ካሰሩ በኋላ አንዱ ፖሊስ ሰይቼንቶዋን ሊነዳ ገባ። ቁልፉን አዞረው፤ ዝም። ወርዶ የፊቱን ኮፈን ቢከፍት ስኮርታ ጎማ ተጋድሟል። “ኢንጂኒ ኢኮ ዋፒ?” አለ፤ ሞተሩ የት አለ ማለቱ ነው። ጓደኞቹ ሳቁበት። የሰይቼንቶ ሞተር ከኋላ መሆኑን ማን ይንገረው። አለቃቸውም ሰልችቶት፣ “ተዉት ይሄን ቆርቆሮ፣ እንሂድ” አላቸው።

በዚያው ቢያበቃ ኖሮ ባለቤቴ መጥታ ታስወስዳት ነበር። ፖሊሱን ግን እልህ ያዘው። ተመልሶ ገብቶ ማርሹን ያለ ፍሪሲዮን ይጎትት፣ ቁልፉን በጉልበት ይጠመዝዝ ጀመር። ያ ቁልፍ ቢሰበር ምትክ የለውም። አላስቻለኝም።

“ተው፣ ትሰብረዋለህ!” ብዬ ጮህኩ። “በቁልፍ ብቻ አትነሳም። ከማርሹ ጀርባ ሁለት ትንንሽ እጀታዎች አሉ። አንደኛው ቤንዚን ማብዣ ነው፤ እሱን በግማሽ ሳበው። ከዚያ ሁለተኛውን ሳብና ስትነሳ ልቀቀው።”

በአንዴ ተነሳች። ይግረማችሁ፣ ደስ አለኝ። ስልኩ ትዝ ያለኝ ድምጿ እየራቀ ሲሄድ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በማግስቱ ለምርመራ ጠሩኝ። ስልኩ እንደተቆለፈ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በመስኮቱ በኩል ሰይቼንቶዋ ትታየኛለች፤ የፊት መብራቶቿ ከወዲሁ ተነቅለዋል።

“ምዜ፣ ሽማግሌው፣ ይሄ ስልክ የልጅቷ ነው” አለኝ መርማሪው። “አዎ በልና መኪናህን እየነዳህ ቤትህ ግባ።”

“የኔ ነው” አልኩት።

“እሺ፣ ክፈተው።”

“መክፈቻውን ረስቼዋለሁ።”

“የገዛ ስልኩን መክፈቻ የሚረሳ ሰው አለ?”

“ከዚህ የባሰም ረስቻለሁ” አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷን ለቀቋት። በኛ ክፍል በር ስታልፍ አይታኝ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

“ጋሼ፣ ሶሪ” አለችኝ። “በኔ ምክንያት መኪናህን ጎትተው ወሰዱብህ።”

ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። የበሩን ብረት ይዤ ተነሳሁ።

“አልጎተቷትም” አልኳት። “እንዴት እንደምትነሳ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ቁልፏን እንዳይሰብሩት ብዬ። ስልክሽን ረስቼ።”

አልተቆጣችኝም። ቢሰድቡኝ የሚሻልበት ቀን እንዳለ ያኔ አወቅሁ።

“ቪዲዮውን ሌላም ሰው ቀርጾታል” አለች ቀስ ብላ። “የወንድሜ ቮይስ ኖቶች ግን እዚያ ላይ ብቻ ነበሩ። ድምፁ ሌላ ቦታ የለኝም።”

ጠባቂዋ “ትዌንዴ፣ እንሂድ” ብላ ገፋ አደረገቻት። ያን ቀን ከባልዲው አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያ ሰውዬ አሁንም ፊቱን አዞረልኝ።

ከአርባ ቀን በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ስልኩን ብዙ ተመላልሼ ጠየቅኩ፤ ጠፍቷል አሉኝ። ሰይቼንቶዋን ያለ ወንበርና ያለ መብራት አስጎትቼ ቤት አስገባኋት። ወንበሯን ኢስትሊ ሰፈር አሰፋሁ፣ መብራቷን ተካሁ። ማስነሻ እጀታዋንም ነቅለውት ስለነበር ከአዲስ አበባ በሞያሌ በኩል ሌላ አስመጣሁ። እሱ ግን በጋዜጣ እንደተጠቀለለ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ባለቤቴ ለምን እንደማልገጥመው መጠየቅ ትታለች።

ልጅቷ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በግቢዬ በር ታልፋለች። ሌሎቹን ሁለት መኪኖች የማስነሳው እሷ መንገዱን ታጥፋ ከራቀች በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን በሩ ላይ ቆመች።

“ጋሼ፣ ዛሬም አልተነሳችም?”

“የጎደላት ዕቃ አለ” አልኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ ሰይቼንቶዋ ትንሽ አየችና፣ “አይዞህ፣ ጋሼ” ብላኝ ሄደች፣ እኔ ያን ቀን መኪናው ውስጥ እንዳልኳት።