ዳጉሳውን አላነሳም

ባለፈው ሳምንት ምራቴ ልጇን አስከትባ ስትመለስ፣ ነርሷ የዳጉሳ ገንፎ እንድትሰጠው እንደመከረቻት ነገረችኝ። ለአጥንት ይበጃል፣ ደምም ይሆናል አሉ። «እማማ፣ ዳጉሳ እንዲህ ኖሯል እንዴ?» አለችኝ። እኔ በዳጉሳ ምክንያት ከትምህርት ቤት ታግጃለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር አሥረኛ ክፍል እማር ነበር። ቤታችን ዘንዘልማ ስለሆነ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ፣ በየሳምንቱ ስንቄን ተሸክሜ እመላለሳለሁ። ሽማግሌ ተልኮብኝ አባቴ ለጊዜው አቆይቶታል። «አንዲት ክፉ ወሬ ብሰማ ግን ትዳር ነው» ብሎኛል።

ኅዳር ላይ የባልትና መምህርታችን የእህሎችን የምግብ ይዘት ልናነጻጽር ነውና ከየቤታችሁ ዱቄት አምጡ አሉን። የፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች ነጭ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ አመጡ። የእኔ ዳጉሳ እንደ እርጥብ አፈር የጠቆረ ነበር። መምህርቷ ሳህኖቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ይሄ ደም ይሆናል፣ ይሄ ጉልበት ይሰጣል እያሉ መጡና የእኔን አንስተው መስኮቱ ላይ አኖሩት።

«ይሄ የጠላ እህል ነው። ሰው አይመገበውም።»

«መምህር፣ እሷማ ጠጥታ ነው የምትመጣ!» አለች አንዷ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ተነሥቼ ሳህኑን ከነጩ ጤፍ ጎን መለስሁት።

«እኛ እንመገበዋለን። ጤፉንማ ለኮታ አስረክበናል።»

ሳቁ ቆመ። ገበሬው ጤፉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እያስረከበ በተረፈው እንደሚያድር የማያውቅ አልነበረም፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም። መምህርቷ በሩን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንሺው፣ ልጄ» አሉኝ። ፈርተውልኝ እንደሆነ ይገባኛል።

«አላነሳም።»

በማግሥቱ አባቴ ተጠራ። ዳይሬክተሩ፣ «በስሕተት ነው የተናገርሁ ትበልና ክፍሏ ትግባ» አሉት። አባቴ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ።

«ጮኼ ከሆነ ይቅርታ» አልሁ። «ዳጉሳው ግን ምግብ ነው። ጤፉንም አስረክበናል።»

ሁለት ሳምንት ታገድሁ።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል። አባቴ ከፊቴ ይራመዳል፤ እኔ «ትዳር» የሚለውን ቃል እጠብቃለሁ። የዓባይን ድልድይ፣ ጠባቂ ወታደሮቹንም አልፈን ብዙ እስክንርቅ ድረስ አልተነፈሰም።

«ዳጉሳው ደርሷል» አለኝ ዘወር ሳይል። «አጭደን ስንጨርስ ትመለሻለሽ። ሽማግሌዎቹን እኔ እመልሳቸዋለሁ።»

ተመልሼ ተማርሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ለዳጉሳ ምስክር ፈልጌ አላውቅም። በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ጥቁሩን እንጀራ ከሥር፣ ነጩን ከላይ አድርጎ ማቅረብ ወግ ነው። በእኔ ቤት ጥቁሩ ከላይ ይነጠፋል። ነጭ ያማረው ገልጦ ይፈልግ።