ቀይዋ መኪና በማን ስም ናት?

ዜማ መኪናዋን ስትመርጥ ማንንም አላማከረችም። አባቷ ሲሞቱ መሸንቲ ከተማ የነበራቸው ቤት ተሸጠና ከታላቅ ወንድሟ ከክንዱ ጋር እኩል ተካፈሉ። ክንዱ በድርሻው ዓባይ ማዶ ሥጋ ቤት ከፍቶ ዓመት ሳይሞላው ዘጋው። ዜማ ግን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ተቀጥራ በምታገኘው ደመወዝ እየኖረች ድርሻዋን ሳትነካው ቆየች። በሃያ አራት ዓመቷ አንዲት ቀይ ሴሊካ አየች፤ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ የስፖርት መኪና።

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ ቪትዝ ግዢ አሏት። መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል፣ ስትሸጪውም አያከስርሽም አሏት። ዜማ ስለ መሸጥ ምን አገባት! ስንት ዓመት ሙሉ በፋብሪካው ሰርቪስ መስኮት ሌሎች ሲያልፏት ስታይ ኖራለች። አሁን ማለፍ የምትፈልገው እሷ ናት፤ ሴሊካዋን ገዛች።

እናቷ ወይዘሮ የብርጓል መኪናዋን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«አባትሽ ለፍቶ ያቆመውን ቤት በዚች ለወጥሽው?»

«ምን አላት፣ እማ?»

«እኔን የት ልታስቀምጪኝ ነው? ጎንበስ ብዬ እንኳ አልገባባትም።»

ዜማ ስለ እናቷ መቀመጫ ጨርሶ አላሰበችም ነበር፤ ማሰብ ነበረብኝ ብላም አልተጸጸተች።

ስሙን ከማዛወሯ በፊት ዋስትና ልትጠይቅ ወደ አንድ የመድን ድርጅት ሄደች። ያስተናገደቻት እሌኒ የምትባል ደረቅ ሴት ነበረች። የዜማን መንጃ ፈቃድ በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ዕድሜሽ ገና ነው። መንጃ ፈቃድሽም የአምና ነው። በዚያ ላይ የስፖርት መኪና። ሦስተኛ ወገን እንሰጥሻለን፣ ግዴታ ነው። ሙሉ ዋስትና ካልሽ ግን ዓረቦኑ ይህ ነው።»

የጻፈችላት ቁጥር የብዙ ወር ደመወዟ ነበር።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ዜማ።

«እስካሁን ምንም።»

«ገና ላላጠፋሁት ነው እንዴ የምትቀጡኝ?»

እሌኒ መንጃ ፈቃዷን መለሰችላትና ከዜማ ኋላ የተሰለፈውን ሰው ጠራች።

ማታ፣ ሁለቱም በሚኖሩበት በእናታቸው ቤት፣ ክንዱ ነገሩን ሰምቶ ሳቀ። «በኔ ስም ይሁና! እኔ እኮ መንጃ ፈቃድ ከያዝሁ ስንት ዘመኔ። ሊብሬውም መድኑም በኔ ስም ይውጣ፤ አንቺ ንጂ» አላት።

ዜማ አልጣማትም። ያላትን ገንዘብ ግን መኪናዋ ጨርሳው ነበር። ያለ ሙሉ ዋስትና ደግሞ አንድ ባጃጅ ቢገጫት ማሠሪያ እንደማይኖራት ታውቃለች። እሺ አለች።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ከሥራ ስትወጣ በከተማው ሐይቅ ዳር ባለው መንገድ መስኮቷን ከፍታ ትነዳለች፣ ባጃጆቹንም አንድ በአንድ እያለፈች ትሄዳለች። ቆየት ብሎ ክንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉዳይ አለኝ ይል ጀመር። ቀጥሎ ሁለተኛውን ቁልፍ ወሰደ። ከዚያ በኋላ መጠየቁንም ተወው።

በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ዜማ በሰርቪስ ከሥራ ስትመለስ ዓባይ ድልድይ ላይ የሰርግ መኪኖች መንገዱን ዘጉት። ከሁሉም ፊት ቀይዋ ሴሊካ አበባና ጥብጣብ ተጣብቆባት፣ ጡሩምባዋ እየጮኸ ትመጣለች። መሪውን የያዘው ክንዱ ነው።

«ዜማ፣ ያንቺ አይደለችም እንዴ?» አለች አንዷ ባልደረባዋ። ሌሎቹ እልል አሉ። ዜማ ግን ስልኳን አውጥታ በመስኮቱ ፎቶ አነሣቻት።

ቤት ስትደርስ ክንዱ ራቱን እየበላ ነበር።

«ለሙሽራ ታከራያታለህ?»

«ቆማ ትዛግልሽ?»

«የመኪናዬን ቁልፍ አምጣ።»

«መኪናዬ?» ጉርሻውን ዋጠ። «እስቲ ሊብሬውን አንብቢው። ደግሞም የአባቴ ገንዘብ ናት። አባባን ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ያመላለስሁት እኔ ነኝ። አንቺ የት ነበርሽ?»

«የድካምህን ዋጋ ከሥጋ ቤትህ ጋር በልተኸዋል።»

ክንዱ እጁን አንሥቶ ብድግ አለ። እናታቸው መሐል ገቡ። የተቆጡት ግን ዜማን ነበር፤ «ለታላቅሽ እንዲህ ይባላል?» አሉ። ክንዱ እጁን አወረደና የዜማንም ቁልፍ ከጠረጴዛው አንሥቶ ሁለቱንም ኪሱ ከቶ ወጣ።

ሰኞ ዜማ እሌኒ ፊት ቆመች። መኪናዋን የገዛችው እሷ እንደሆነች፣ ወንድሟ እዚሁ ድርጅት ለግል መጠቀሚያ ብሎ መድን ገብቶላት ለሰርግ እንደሚያከራያት ተናገረች። በስልኳ የያዘችውን የሰርግ ፎቶም አሳየቻት።

«ውሉ ሲሰረዝ አንቺም ዋስትና እንደማይኖርሽ ገብቶሻል?» አለች እሌኒ።

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ ምን ትጠቀሚያለሽ?»

«እሱ አይኖረውም።»

ሙሉ ዋስትናው ተሰረዘ። ክንዱ ሲነገረው እህቱን እየረገመ፣ በእልክ መኪናዋን ለሌላ ሰርግ አንበሳሜ ወደምትባል የገጠር ከተማ ይዟት ሄደ። ያች ዝቅ ያለች መኪና ከዋናው መንገድ ወጣ እንዳለች ድንጋይ ሆዷን ቀደደው። ዘይቷ ፈሰሰ። ክንዱ ሙሽሮቹን ላለማሳፈር ዝም ብሎ ነዳት፤ ሞተሯ ተቃጥሎ እዚያው ቆመች። በጭነት መኪና ተጭና ተመለሰች። የሚያሠራበት ገንዘብ አልነበረውም፤ የሚከፍልለት መድንም የለም።

ያኔ ወይዘሮ የብርጓል የንስሐ አባታቸውን አባ ወልደ ገብርኤልን ጠሩ። እሳቸው ከሐይቁ ዳር ካለው ደብራቸው በእግራቸው መጥተው መሐላቸው ተቀመጡ። ክንዱ አንገቱን ደፍቶ «አጥፍቻለሁ» አለ።

«ሰማሽ ልጄ? ወንድምሽ ነው። ስለ ክርስቶስ ብለሽ ይቅር በይው» አሉ አባ።

«አስቀድሞ ስሙን ያዙርልኝ፣ አባ።»

«ይቅርታ እንደ ገበያ አይደራደሩበትም።»

«እንግዲያው ይቆይ።»

አባ መስቀላቸውን ጨብጠው ተነሡ። ወይዘሮ የብርጓል «አሳፈርሽኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፊትሽን አታሳዪኝ» ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ዜማ ልብሷን ሰብስባ ፋብሪካው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየች።

በሳምንቱ ክንዱ በመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ስሙን ወደ ዜማ ለማዞር ፈረመ። የተበላሸች መኪና ለሱም ሸክም ሆናበት ነበር። ሲጨርስ ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ «ብረትሽን ውሰጅ» አላት።

ሞተሯን ለማሠራት ዜማ እስከ መጋቢት ድረስ ተጨማሪ ፈረቃ ሠራች። ከዚያ እሌኒ ዘንድ ሄደች። ዓረቦኑ አልቀነሰም፤ በራሷ ስም፣ እየከፋፈለች ልትከፍለው ተስማማች። በየወሩ የምትከፍለው ወንድሟንም እሌኒንም እየረገመች ነው።

በፋሲካ ማለዳ ለእናቷ ዶሮ ገዝታ አሮጌው ሰፈር ሄደች። በሩ ላይ መኪናዋን አቁማ ጡሩምባ ነፋች። ክንዱ በሩን ከፍቶ መኪናዋን አየ፣ እሷንም አየ፣ ከዚያ መልሶ ዘጋው። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ «ማነው?» ሲል ተሰማት።

«ማንም አይደለም» አለ ክንዱ።

ዜማ ሞተሩን አላጠፋችም ነበር። ዶሮውን እግሩ እንደታሰረ በሩ ሥር አስቀምጣ ሄደች።